ስለ ዕፅዋት ቫይረስ ተመራማሪነትና ስለ በሽታ ተቋቋሚ ሰብሎች ምርምር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የቀረቡት ጥያቄዎች በብዛት የሚነሡት ወደዚህ ሙያ ለመግባት ከሚያስቡ የባዮሎጂና የግብርና ተማሪዎች ነው፤ ጥቂቶቹ ግን ከአምራቾችና ሙያውን ከውጭ ከሚመለከቱ ሰዎች የመጡ ናቸው። በመልሶቹ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

የዕፅዋት ቫይረስ ተመራማሪ ሥራው በትክክል ምንድን ነው?

አንድን ሰብል ያሳመመው ቫይረስ የትኛው እንደሆነ መለየት፣ ቫይረሱ ከተክል ወደ ተክል በምን እንደሚሻገር ማወቅ፣ ከዚያም በተክሉ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚያደርግ መመርመር የሥራው የተለመዱ ክፍሎች ናቸው። የበሽታ ተቋቋሚነት ተመራማሪዎች ግን ዕድሜያችንን የምንጨርሰው በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም፤ ይኸውም ጎረቤቶቹ ሁሉ ቢጫ ሆነው ሲቀጭጩ አንዱ ተክል አረንጓዴ ሆኖ የቀረው ለምንድን ነው የሚለው ነው። የታመመው ተክል ቫይረሱን ያሳየናል፤ ያልታመመው ግን መልሱን ይዞ ሊሆን ስለሚችል ትኩረታችንን የሚስበው እርሱ ነው።

ሙያው እንዴት ተጀመረ?

የቫይረስ ሳይንስ የተወለደው ከሰው በሽታ ሳይሆን ከትንባሆ ቅጠል መሆኑን ብዙ ሰው አያስታውሰውም። አዶልፍ ማየር በኔዘርላንድ ቫክኒንገን በሚገኝ የግብርና ምርምር ጣቢያ የትንባሆን ቅጠል ዥጉርጉር የሚያደርገውን በሽታ ሲያጠና ቆይቶ፣ በ1886 ባሳተመው ጽሑፍ የታመመው ቅጠል ጭማቂ ጤነኛውን ተክል እንደሚያሳምም አሳየ፤ መንስኤው ግን ባክቴሪያ ሳይሆን አይቀርም ብሎ ገመተ። በ1892 ዲሚትሪ ኢቫኖቭስኪ ጭማቂውን ባክቴሪያ በማያሳልፍ የሸክላ ማጣሪያ ቢያጣራውም ማሳመሙን አልተወም። ማርቲኑስ ቤየሪንክ በ1898 ተመሳሳይ ሙከራ ካደረገ በኋላ ነገሩ በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ የሚባዛ ከባክቴሪያ የተለየ አካል ነው ብሎ ደመደመና ቫይረስ ሲል ጠራው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ታሪክ ለጀማሪ ተመራማሪ ጥሩ ትምህርት አለው። ዌንደል ስታንሊ በ1935 የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስን እንደ ጨው ክሪስታል አድርጎ ለየውና በ1946 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነ፤ ይሁን እንጂ ቫይረሱ ንጹሕ ፕሮቲን ነው ማለቱ ትክክል አልነበረም። ፍሬድሪክ ቦደንና ኖርማን ፒሪ በቀጣዩ ዓመት በውስጡ ጥቂት ኒውክሊክ አሲድ እንዳለ አረጋገጡ፤ በሽታውን የሚያስተላልፈውም ያ ጥቂቱ ክፍል፣ ማለትም አር ኤን ኤው፣ መሆኑ በ1956 ታወቀ። ትልቁን ሽልማት ያስገኘ ሥራ ዋናውን ነገር ስቶት ነበር ማለት ነው።

ቫይረስ የያዘው ተክል በመድኃኒት አይድንም? በሽታ ተቋቋሚ ዝርያ ፍለጋ ይህን ያህል ዓመት የሚለፋውስ ለምንድን ነው?

ለፈንገስ በሽታ የሚረጭ መድኃኒት አለ፤ በማሳ ላይ ተረጭቶ ቫይረስን ከተክል ውስጥ የሚያወጣ መድኃኒት ግን የለም። ቫይረሱ የሚባዛው በተክሉ በራሱ ሕዋስና በተክሉ በራሱ መሣሪያ ስለሆነ፣ አንዱን ሳይነኩ ሌላውን መግደል እጅግ አስቸጋሪ ነው። ብዙ ጊዜ የሚቀርበው አማራጭ ቫይረሱን የሚያዛምቱትን ነፍሳት በፀረ ተባይ መግደል ነው፤ ይህም ለአንዳንዶቹ ቫይረሶች ይረዳል። ክሽክሽ የምታዛምታቸው በርካታ ቫይረሶች ግን በአፏ ጫፍ ላይ ብቻ ተጣብቀው የሚሄዱ ስለሆኑ፣ ነፍሳቷ ቅጠሉን ለመቅመስ መርፌ መሰል አፏን በምታስገባባቸው ጥቂት ሰከንዶች ወይም ደቂቃዎች ውስጥ ይተላለፋሉ። መርዙ እስኪሠራ ድረስ ቫይረሱ ወደ ተክሉ ገብቷል።

እንደ ድንች፣ ካሳቫና ሙዝ ባሉ ከዘር ይልቅ ከአካላቸው ተቆርጠው በሚባዙ ሰብሎች ላይ ሌላ መንገድ አለ። የተክሉ የማደጊያ ጫፍ አብዛኛውን ጊዜ ከቫይረስ ነጻ ስለሚሆን፣ ያን ከሚሊሜትር ያነሰ ጫፍ ቆርጦ በብልቃጥ ውስጥ በማሳደግ ጤነኛ ተክል ማግኘት ይቻላል፤ ይህን በ1952 በዳሊያ አበባ ላይ ያሳዩት ሁለቱ ፈረንሳውያን ሞሬልና ማርቲን ናቸው። ነገር ግን የጸዳው ችግኝ ወደ ማሳ ሲመለስ ከነጭ ዝንብና ከክሽክሽ የሚከልለው አንዳች ነገር ከሌለ ዳግመኛ መታመሙ አይቀርም። ታማሚውን ነቅሎ ማቃጠልም አለ። በጋና የካካዎን ቀንበጥ በሚያሳብጠው ቫይረስ ምክንያት ከ1940ዎቹ ጀምሮ በተካሄደው ዘመቻ ከ200 ሚሊዮን በላይ ዛፎች ተቆርጠዋል፤ በሽታው ግን እስከ ዛሬ አልጠፋም። ይህን ያየ ሰው ተቋቋሚ ዝርያ ፍለጋው ለምን አሥርተ ዓመታት እንደሚለፋበት አይጠይቅም።

አንድ ተክል ሳይታመም ከተገኘ በሽታውን ይቋቋማል ማለት አይደለም?

አይደለም። በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ጊዜ፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ ተስፋ የባከነው ይህን ባለመለየት ነው። ጤነኛ የሚመስል ተክል ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ያመለጠ፣ የቻለ ወይም የተቋቋመ።

ያመለጠው ቫይረሱ ጭራሹን ያልደረሰው ነው፤ ክሽክሽ አልጎበኘችውም፣ ወይም ዘግይቶ በቅሎ ነፍሳቱ ካለፉ በኋላ ነው ያደገው። በሽታ ቻይ የምንለው ደግሞ ቫይረሱን በውስጡ ተሸክሞ ምርቱ እምብዛም የማይቀንስ ነው፤ ለአምራቹ መልካም ሊሆን ይችላል፣ ለጎረቤት ማሳ ግን ምልክት የሌለው የቫይረስ ማከማቻ ነው። የተቋቋመው ብቻ ነው ቫይረሱ ገብቶበት እንዳይባዛ ወይም እንዳይሠራጭ ያደረገው። ከሩቅ ሲታዩ ሦስቱም አረንጓዴ ናቸው።

የምንለያቸው በእጅ ሥራ ነው። ከታመመ ተክል ለጋ ቅጠል ተቆርጦ፣ አሲድነቱ በተመጠነ ቀዝቃዛ የፎስፌት ውሕድ በትንሽ የሸክላ ሙቀጫ ይወቀጣል። በሚሞከረው ተክል ቅጠል ላይ ካርቦረንደም የሚባለው ሻካራ ግራጫ ዱቄት እንደ አቧራ ስስ ሆኖ ይነሰነስና፣ ጓንት በለበሰ ጣት ጭማቂው በቀስታ ይታሻል። በርትቶ ያሸ ሕዋሱን ስለሚገድለው ቫይረሱም አብሮ ይሞታል፤ ፈርቶ ያሸ ደግሞ ምንም ቁስል ስለማይከፍት ቫይረሱ መግቢያ ያጣል። አዲስ ተማሪ የእጁን ክብደት እስኪያውቅ አንድ ወር መፍጀቱ የተለመደ ነው። ከዚያ ቅጠሉ በውኃ ታጥቦ መጠበቅ ነው። የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ ኒኮቲያና ግሉቲኖሳ በሚባለው የዱር ትንባሆ ላይ ሲቀባ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን የመርፌ ራስ የሚያህሉ ቡናማ ነጠብጣቦች ይወጣሉ፤ ፍራንሲስ ሆልምስ በ1929 እነዚህን ነጠብጣቦች በመቁጠር የቫይረሱን ብዛት መገመት እንደሚቻል አሳየ። የቅጠሉን ግራ ጎን በአንዱ ናሙና፣ ቀኝ ጎኑን በሌላው እየቀቡ ማነጻጸር ከዚያ ዘመን የተረፈ ብልሃት ሲሆን እስካሁን እንጠቀምበታለን።

ምልክት ባይወጣም ሥራው አላለቀም። ካልተቀባው የላይኛው ቅጠል ናሙና ተወስዶ በኤላይዛ ምርመራ ይታያል፤ ይህ ፀረ እንግዳ አካላትን የሚጠቀም ዘዴ ለዕፅዋት ቫይረሶች በሰፊው መሥራት የጀመረው በ1977 ከወጣ ጥናት በኋላ ነው። ናሙናዎቹ ከተጨመሩባቸው የምርመራው ሰሌዳ ዘጠና ስድስት ጎድጓዳዎች ውስጥ ቫይረስ ያለባቸው ቢጫ እየሆኑ ሲመጡ የጠረጴዛው ዙሪያ ጸጥ ይላል። ምልክት የሌለው ተክል ጎድጓዳ ቢጫ ከሆነ ተክሉ ቻይ እንጂ ተቋቋሚ አይደለም። ቢጫ ካልሆነም ሙከራው በሌላ ወቅት፣ በሌላ ሙቀትና በነፍሳት አማካይነት ይደገማል፤ ሦስቱንም ያለፈ ተክል ሲገኝ ነው ተቋቋሚ የሚለው ቃል ከአፋችን የሚወጣው።

ለመሆኑ ተክል ቫይረስን የሚቋቋመው እንዴት ነው? እንደ እኛ የደም መከላከያ የለውም።

እንደ ሰው እየዞሩ የሚጠብቁ የደም ሕዋሳት የሉትም፤ እያንዳንዱ ሕዋስ የራሱ ዘበኛ ነው። በጥቅሉ ሦስት መንገዶች ይታወቃሉ፤ ከመካከላቸው እጅግ የተጠናው የመጀመሪያው ነው።

በዚህ መንገድ ተክሉ የቫይረሱን አንድ ፕሮቲን የሚያውቅ ጠባቂ ፕሮቲን አለው፤ ሲያውቀውም የተያዘው ሕዋስና በዙሪያው ያሉት ራሳቸውን ይገድላሉ፣ ቫይረሱም በሞተ ሥፍራ ታስሮ ይቀራል። ከላይ ያነሣናቸው ቡናማ ነጠብጣቦች የዚህ ውጤት ናቸው። ሆልምስ ይህን ባሕርይ ከዱር ትንባሆው ወደሚመረተው ትንባሆ በማዳቀል ያሸጋገረው በ1930ዎቹ ነው፤ ባሕርዩን የሚሸከመው ኤን የተባለው ዘረ መል ተለይቶ የተነበበው ግን በ1994 ነው። በመካከል ያለው ግማሽ ምዕተ ዓመት የጠፋ ጊዜ አይደለም፤ አዳቃዮች ዘረ መሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። አንድ እንግዳ ጠባይም አለው። ሙቀቱ ከ28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሆን ጠባቂው ሥራውን ያቆማል፤ ቫይረሱም ያለ ከልካይ በተክሉ ሁሉ ይሠራጫል። ሙቀቱ ሲቀንስ ጠባቂው ይነቃል፤ በዚያን ጊዜ ግን ቫይረሱ ሁሉም ቦታ ስለ ደረሰ ተክሉ ራሱን በመግደል ይጠወልጋል። የመስታወት ቤቱን ሙቀት የማይመዘግብ ተመራማሪ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተቋቋሚውን ተጠቂ ብሎ ሊጽፍ የሚችለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው ቫይረሱ የሚያስፈልገውን ነገር መንፈግ ነው። በክሽክሽ የሚዛመት ትልቅ የቫይረስ ቤተሰብ ፕሮቲኑን ለማሠራት የተክሉን አንድ ፕሮቲን መያዝ አለበት፤ የዚያ ፕሮቲን ቅርጽ በጥቂቱ ከተለወጠ ተክሉ ይኖራል፣ ቫይረሱ ግን መያዣ ያጣል። በበርበሬ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲያገለግል የነበረ አንድ ተቋቋሚነት ከዚህ እንደሚመነጭ በ2002 ታውቋል፤ በ2016 ደግሞ ተመራማሪዎች ያንኑ ዘረ መል በኪያር ላይ ክሪስፐር በሚባለው ዘረ መልን ቆርጦ የማረሚያ ዘዴ አርመው ተመሳሳይ ውጤት አግኝተዋል።

ሦስተኛው አር ኤን ኤን የማፈን ዘዴ ነው። ተክሉ የቫይረሱን አር ኤን ኤ ይቆራርጥና ቁራጮቹን እንደ መታወቂያ ፎቶ ይዞ ተመሳሳዩን ሁሉ እያደነ ያጠፋል፤ አንድሩ ሃሚልተንና ዴቪድ ቦልኮምብ እነዚህን ጥቃቅን ቁራጮች በተክል ውስጥ በ1999 አገኙ። ቫይረሶችም ይህን የሚያደናቅፉ ፕሮቲኖች አሏቸው።

የተቋቋሚነት ምንጭ የሚገኘው ከየት ነው?

በአብዛኛው ማንም ካላሻሻለው ተክል፤ ከዱር ዘመዶችና ከነባር የገበሬ ዝርያዎች ማለት ነው። የቲማቲም ተቋቋሚ ዘረ መሎች የተገኙት በደቡብ አሜሪካ ከሚበቅሉ የዱር ዘመዶቹ ነው። የገብስን ቅጠል ቢጫ አድርጎ የሚያቀጭጨው ቫይረስ በ1951 በካሊፎርኒያ ከታወቀ በኋላ ተመራማሪዎች ከመላው ዓለም የተሰበሰቡ በሺዎች የሚቆጠሩ የገብስ ዓይነቶችን ሲፈትሹ፣ ጥሩ ሆነው የተገኙት ከኢትዮጵያ የመጡት ነበሩ። ከእነርሱ የተገኘው ዋይ ዲ ሁለት የተባለው ዘረ መል በብዙ አገሮች የገብስ ማሻሻያ ሥራ ውስጥ ገብቷል። የሚገርመው ዘረ መሉ ያለው ገብስም ቫይረሱ ይገባበታል፤ መጠኑ ግን ያንሳል፣ ጉዳቱም ይቀላል። «ቻይ» እና «ተቋቋሚ» በሚሉት ቃላት መካከል ያለው ድንበር በተፈጥሮ ውስጥ እኛ በመዝገባችን እንደምናሰምረው ቀጥ ያለ አይደለም።

ስለዚህ የዘረ መል ባንክ ለእኛ ሙዚየም አይደለም። ነባር ዝርያ ሲጠፋ ገና ያልመጣ ቫይረስ መልስም አብሮ ሊጠፋ ይችላል፤ ምን እንደጠፋ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ተቋቋሚ ዝርያ አንዴ ከተገኘ ችግሩ አበቃ ማለት ነው?

ቲማቲምን እንውሰድ። በቲማቲም ላይ የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስንና ዘመዱን የቲማቲም ሞዛይክ ቫይረስን ለመከላከል በየተራ ሦስት ዘረ መሎች ገብተዋል። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ቫይረሱ ብዙም ሳይቆይ አለፋቸው። ቲ ኤም ሁለት ካሬ የተባለው ሦስተኛው ግን ለአሥርተ ዓመታት ሳይሰበር ስለቆየ፣ የጸና ተቋቋሚነት ምሳሌ ሆኖ ለተማሪዎች ሲነገር ነበር። በ2014 በእስራኤል፣ በ2015 ደግሞ በዮርዳኖስ በመስታወት ቤት የሚመረቱ ቲማቲሞች ፍሬያቸው እየተሸበሸበና ቡናማ እየሆነ ሲመጣ፣ ይህንኑ ዘረ መል የሚያልፍ አዲስ ቫይረስ ተገኘ። ቫይረሱ በእጅ፣ በመቀስና በዘር ስለሚተላለፍ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ ብዙ አህጉራት ገባ።

ምሳሌውን ስናስተምር የነበርን ሰዎች የተሳሳትነው ዘረ መሉን በማመናችን አይመስለኝም፤ ዘረ መሉ በሚያውቃቸው ቫይረሶች ላይ አሁንም ይሠራል። የተሳሳትነው በዓለም ላይ ባሉት ማሳዎች ሁሉ ማለት በሚቻል ደረጃ አንዱን ዘበኛ ብቻ በማቆማችን ነው። ቫይረስ በተባዛ ቁጥር ስሕተት ይሠራል፤ አብዛኛው ስሕተት ቫይረሱን ራሱን ይገድለዋል፣ አንዳንዱ ግን በሩን ይከፍትለታል። ዘበኛው በመላው ዓለም አንድ ከሆነ ያ አንድ ስሕተት ለሁሉም ቦታ ይበቃል።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ተቋቋሚነቱን የሚያጠፋው ቫይረሱ ሳይሆን እኛው ነን። በካሳቫ የሞዛይክ በሽታን የሚቋቋሙ የአፍሪካ ዝርያዎች በቤተ ሙከራ ከሕዋስ ተነሥተው እንደገና ሙሉ ተክል እንዲሆኑ በተደረጉ ጊዜ አንዳንዶቹ ተቋቋሚነታቸውን አጥተው ወጥተዋል። በ2022 የታተመ ጥናት ተቋቋሚነቱ ዲ ኤን ኤን በሚገለብጥ አንድ ኢንዛይም ዘረ መል ላይ ካለ ለውጥ ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል።

አንድ የምርምር ውጤት ገበሬው ዘንድ ለመድረስ ስንት ዓመት ይፈጃል?

አንድ ተመራማሪ በሙያ ዘመኑ ሁለት ወይም ሦስት የተሳኩ ዝርያዎች ላይ እጁ ካለበት ዕድለኛ ነው። የሃዋይ ፓፓያ ታሪክ በፍጥነቱ የሚጠቀስ ነው። ዴኒስ ጎንሳልቬስ የፓፓያ ቀለበታማ ነጠብጣብ ቫይረስን ማጥናት የጀመረው በ1970ዎቹ መጨረሻ ነበር፤ እርሱና ባልደረቦቹ የቫይረሱን የሽፋን ፕሮቲን ዘረ መል ፓፓያ ውስጥ ያስገቡት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቫይረሱ የደሴቶቹ ዋና የፓፓያ አምራች ወደሆነው ወደ ፑና ወረዳ መግባቱ በ1992 ታወቀ፤ በዚያው ዓመት የመስክ ሙከራ እየተደረገ ስለነበር መልሱ ከችግሩ ጋር እኩል ደረሰ። ዘሩ ለአምራቾች የተሰጠው በ1998 ነው። ሃያ ዓመት ገደማ ማለት ነው፤ ይህም ችግሩ ከመድረሱ በፊት ሥራው ስለተጀመረ ነው።

በ2011 በኬንያ በበቆሎ ላይ የታየው ገዳይ በሽታ ግን ማንም ሳይዘጋጅ የመጣ ነበር። ሁለት ቫይረሶች በአንድ ተክል ሲገናኙ የሚፈጥሩት ስለሆነ፣ በ2013 በናይቫሻ በተቋቋመው የማጣሪያ ጣቢያ ተክሎቹ ሆን ተብሎ በሁለቱም ይያዛሉ። በማሳው በነበሩት የበቆሎ ዝርያዎች አብዛኞቹ ተጠቂ ሆነው ተገኙ፤ ማጣራቱም ከባዶ መጀመር ነበረበት።

የዘረ መል ምሕንድስና የግድ ነው?

አይደለም፤ በዓለም ላይ ያሉት ቫይረስ ተቋቋሚ ዝርያዎች እጅግ የሚበዙት በተለመደው ማዳቀል የተገኙ ናቸው። ምሕንድስናው የሚያስፈልገው ፓፓያ ላይ እንደሆነው ከሰብሉ ጋር የሚዳቀል ተቋቋሚ ዘመድ ሲታጣ፣ ወይም ማዳቀሉ የገበሬውን ተወዳጅ ዝርያ ጣዕምና ባሕርይ የሚያበላሽ ሲሆን ነው።

የተክል ቫይረስ ሰውን ያሳምማል?

አያሳምምም። በ2006 የወጣ ጥናት በጤነኛ ሰዎች ዓይነ ምድር ውስጥ በብዛት የተገኘው የአር ኤን ኤ ቫይረስ የበርበሬ ቫይረስ መሆኑን አሳይቷል፤ ይህም በልተን የምናሳልፈው ነው። ለተክሎቻችን አደገኞቹ እንዲያውም እኛ ነን። የትንባሆ ሞዛይክ ቫይረስ በደረቀ ቅጠል ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሞት ስለሚቆይ፣ ሲጋራ የነካ እጅ ወደ ቲማቲም ችግኝ ቤት አይገባም፤ አንዳንድ አምራቾች እጃቸውን ቅባት በወጣለት ወተት የሚነክሩትም የወተቱ ፕሮቲን ቫይረሱ እንዳይተላለፍ ስለሚያግድ ነው።

ወደ ሙያው ለመግባት ምን መማር ያስፈልጋል?

የመጀመሪያ ዲግሪ በዕፅዋት ሳይንስ፣ በባዮሎጂ ወይም በባዮቴክኖሎጂ ሊሆን ይችላል፤ ራሱን የቻለ ተመራማሪ ለመሆን ግን ማስተርስና ዶክትሬት የተለመዱ ናቸው። ከትምህርት በኋላ ያለው ሥራ በብሔራዊ የምርምር ተቋማት፣ በዩኒቨርሲቲዎች፣ በዘር ኩባንያዎችና የተክል ጤና ቁጥጥር በሚያደርጉ መሥሪያ ቤቶች ይገኛል። ቁጥጥሩን ብዙ ተማሪ ይንቀዋል፤ በኔ አስተያየት ግን አንድን ቫይረስ በድንበር ላይ የሚያስቆም ባለሙያ ከብዙዎቻችን የበለጠ ሰብል ያድናል።

ከወረቀቱ ይልቅ የሚጠቅሙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ስታቲስቲክስ ነው፤ ያመለጠውን ከተቋቋመው የሚለየው ሙከራ በትክክል ካልተነደፈ በኋላ በምንም መሣሪያ አይጠገንም። ሁለተኛው ከአዳቃዮች ጋር መሥራት መቻል ነው። እኛ ስለ አንዱ ቫይረስ እናስባለን፤ አዳቃዩ ግን ምርቱን፣ የመድረሻ ጊዜውን፣ ጣዕሙንና ሌሎች አምስት በሽታዎችን አብሮ ያያል፤ ስለዚህ እጹብ የምንለውን መስመር (ገና ዝርያ ያልሆነውን የማዳቀል ውጤት) ገበሬ የማይዘራው ነው ብሎ ሲመልስልን መቀየም አይገባም።

በሥራው ከባዱ ነገር ምንድን ነው?

የራስን ደስታ መጠራጠር ይመስለኛል። በሥራዬ መጀመሪያ ዓመታት አርባ ያህል የማዳቀያ መስመሮችን በቫይረስ ፈትሼ አሥራ አራቱ ምልክት ሳያሳዩ ቀሩ። በመስታወት ቤቱ ያለው ጠረጴዛ ስለጠበበኝ ሁልጊዜ መኖር ያለበትን ተጠቂ ማነጻጸሪያ ዝርያ በዚያ ዙር ትቼው ነበር። ለአለቃዬ በደስታ ነግሬ፣ የአሥራ አራቱን ዘር ለይቼ፣ ስም ጽፌባቸው ነበር። በሁለተኛው ዙር ማነጻጸሪያውን ጨምሬ ብሠራ እርሱም አልታመመም። ለካ በማቀዝቀዣ ያስቀመጥሁት የታመመ ቅጠል በመብራት መጥፋት ቀልጦ ተመልሶ በርዶ ስለነበር አብዛኛው ቫይረስ ቀድሞ ሞቷል። በትኩስ ቅጠል ስደግመው ከአሥራ አራቱ አንድ ብቻ ቀረ፤ ያም ቻይ እንጂ ተቋቋሚ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ተጠቂው ማነጻጸሪያ ታሞ ሳላይ ስለ ጤነኞቹ ተክሎች አንድም ቃል አልጽፍም።

የዘረ መል ንባብ ቴክኖሎጂ በዚህ ከቀጠለ ሙያው አያረጅም?

ቀድሞ ወራት የሚፈጀውን ቫይረስ የመለየት ሥራ ዛሬ በቀናት የሚያጠናቅቁ መሣሪያዎች አሉ፤ በትንሽ ሻንጣ ወደ ማሳ የሚሄዱም አሉ። ይህ ታላቅ እርዳታ ነው። በተለይ የፕሮቲን ሽፋን እንኳ የሌላቸው፣ ቴዎዶር ዲነር በ1971 ያሳወቃቸው ቫይሮይድ የሚባሉት አካላት ለኤላይዛ ስለማይታዩ በዚህ መንገድ መገኘታቸው ብዙ ችግር አቅልሏል፤ ድንችን የሚያሳምመው ቫይሮይድ ርዝመቱ 359 የአር ኤን ኤ ፊደል ብቻ ነው።

ሆኖም መሣሪያው በአንድ የታመመ ተክል ውስጥ አምስት ቫይረሶችን ሲያወጣ፣ ከአጠገቡ ባለው ጤነኛ ተክል ውስጥም አራቱን ያወጣል። አምስተኛው በደለኛው ይሁን ወይም በአጋጣሚ የተገኘ መንገደኛ፣ ወይስ ሁለቱ ሲገናኙ ብቻ የሚጎዱ ይሁኑ፣ ንባቡ አይናገርም። ያን ለማወቅ ዛሬም ቅጠሉን በሙቀጫ ወቅጦ፣ ጤነኛ ተክል ላይ በቀስታ አሽቶ፣ ማነጻጸሪያውን ከጎኑ አስቀምጦ መጠበቅ ነው።